ለኮንቴይነር ቅርብ፣ ለልጅ ሩቅ የሆነው ባህር

«ቲቸር፣ ባህር የሌለው አገር ለትራያትሎን ምን አገባው?» የምትሉኝ ወዳጆቼ በዝታችኋል። ዛሬ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ።

መካከለኛ ርቀት የሚባለው ትራያትሎን 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 21.1 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ሦስቱም በተከታታይ፣ በአንድ ቀን። ጠቅላላው 113 ኪሎ ሜትር ነው። ውሃው ከዚህ ውስጥ 2 በመቶ እንኳን አይሞላም። እኛን ከበር የመለሰችን ያቺ 2 በመቶ ናት!

እስቲ ባህር ዳር፣ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ የሚደረግ ውድድር አስቡ። ለዚህ ከድሬ ልጅ የበለጠ ማን ቅርብ ነው? ሙቀቱን አብረነው አድገናል። ባጃጅ ከተማውን ሳይወርሰው በፊት ድሬ የምትታወቀው በብስክሌት ነበር። እንጦጦ ላይ የሠለጠነ አቀበት ያውቃል፤ ሜዳ ግን ሌላ ትምህርት ነው። አቀበት የወጣ ሰው ቁልቁለት ላይ ያርፋል። ሜዳ ላይ ዕረፍት የለም፤ 90 ኪሎ ሜትር ሙሉ ፔዳል መርገጥ ነው። ወገብና አንገት ይደርቃል፣ ነፋስ ከፊት ሲመጣ እሱ ራሱ ዳገት ይሆናል። ከሰው ጀርባ ተጠግቶ ከነፋስ መደበቅ ደግሞ በዚህ ርቀት ክልክል ነው። ከዚያ ወርዶ፣ እንደ እንጨት በደረቀ እግር ግማሽ ማራቶን መሮጥ!

ይሄን የት እንለማመድ? የጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ነው፣ ልጅ አይላክበትም። ግን ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለልን። ሜዳ ነው፣ የውስጥ አስፋልቱ ሰፊ ነው፣ አጥር አለው። በነሐሴ 2014 የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ሲመረቅ የተነገረን ትልቁ ነገር ምን ነበር? ለወደብ ያለን ቅርበት። እውነት ነው፣ ጅቡቲ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ባቡርም አለ። ታዲያ ባህሩ ለኮንቴይነር ሲሆን ጎረቤት፣ ለልጅ ሲሆን ሩቅ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

«ዋና አንችልም» ለምትሉ ደግሞ ሒሳቡን እንሥራው። ብዙውን ጊዜ ለዋናው የሚሰጠው ገደብ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። ይሄ ማለት 100 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ መዋኘት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሪዮ ላይ አገር ሙሉ የሳቀበት ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትሩን የጨረሰው በ1 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ገደማ ነው! ለዚህ ውድድር የሚያስፈልገው የሱ ፍጥነት ሲሶ እንኳን አይደለም። የሚያስፈልገው ሳይደነግጡ መተንፈስና 25 ሜትር ገንዳ ውስጥ 76 ጊዜ መመላለስ ነው። ይሄ ተሰጥኦ ሳይሆን ትምህርት ነው። ትምህርት ደግሞ አስተማሪና ቦታ ይፈልጋል።

ዋና የሀብታም ቅብጠት ነው የምትሉም አላችሁ። አቦ ተዉ! በድሬ ውሃ ሲባል ብዙ ቤት የሚያስታውሰው የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ነው። ልጇን ከውሃ የምታርቅ እናት ይገባኛል፤ ዋና መቻልም ጎርፍ አያቆምም። ግን ፍርሃት ብቻውን ማንንም አላዳነም። በዚችው በጅቡቲ በኩል በጀልባ ወደ የመን ሲሻገሩ ባህር ከበላቸው ወጣቶቻችን ውስጥ፣ ስንቱ ባህርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያን ዕለት ይሆን? ልጆቻችን ባህሩን በደላላ እጅ ከሚያውቁት በአሠልጣኝ እጅ ቢያውቁት አይሻልም?

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የፓርኩ አስፋልት እሁድ ማለዳ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ለብስክሌትና ለሩጫ ይከፈት። በሥርዓት፣ በምዝገባ። ሁለተኛ፣ ገንዳ ያላችሁ ሆቴሎች፣ እንግዳ በማይበዛበት ሰዓት በሳምንት ሁለት ቀን ለተማሪዎች ፍቀዱ። ማንም ስታዲየም ይሠራልን አላለም።

እናንተም የምትጀምሩ ልጆች፣ አንድ ምክር። በድሬ ሙቀት አትታበዩ። የኛ ሙቀት ደረቅ ነው፣ ላብ ቶሎ ይተንና ገላን ያቀዘቅዛል። የባህር ዳሩ ወበቅ ነው፤ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ፍጥነት ቀንሱ፣ ጨው ያለበት ውሃ ጠጡ። ደቻቱ ውስጥ ደግሞ እንዳትለማመዱ!

ሲድኒ 2000 ላይ ትራያትሎን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሲገባ እኛ በሩጫ 4 ወርቅ ይዘን ተመለስን። እግሩ ያኔም ነበረን። ፓርክ ውስጥ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይሄን ጽሑፍ ለአለቆቻችሁ አሳዩልኝ። የማትስማሙም ኑ፣ እዚሁ ሥር እንከራከር።