ድምፃዊው ሲወጣ ዘፈኑ ከማን ጋር ይቀራል?

በቅርቡ ወደ ደሴ ስንጓዝ ከጣርማ በር ዋሻ ጉምና ብርድ ወርደን ደብረ ሲና ለቁርስ ቆምን። ሾፌሩ የጃኖ ባንድን ዘፈን ከፍቷል። ከኋላ የተቀመጠ ወጣት፣ «ይኼ ልጅ ለብቻው አልበም ቢያወጣ ሀብታም ይሆን ነበር» አለ። ረዳቱ ቀበል አድርጎ፣ «የቀሩትስ ምን ሊበሉ?» ሲል ተሳፋሪው ሳቀ። እኔን ግን ጥያቄው ደሴ ድረስ ተከተለኝ።

ጃኖ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት ሲያወጣ አዲስ ያደረገው የሮኩ ጊታር ብቻ አልነበረም። አራት ድምፃውያን መድረኩን ተካፍለው በባንዱ ስም ቀረቡ። የአገራችን ልማድ ሌላ ነው። «ኧረ መላ መላ» ሲባል ሁላችንም ማህሙድ አህመድን እንጠራለን፤ አይቤክስ ባንድን የሚያነሳው ጥቂቱ ነው። ድምፃዊው ስም፣ ባንዱ አጃቢ ነው።

ስለዚህ ድምፃዊ ለብቻው መውጣቱ ነውር የለውም። ፍሬዲ መርኩሪም እ.ኤ.አ. በ1985 የመጀመሪያውን የግል አልበም አውጥቶ ወደ ኩዊን ተመልሷል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው አልበም ግን «ማን ደረሰው?» የሚለውን ንትርክ ለማስቀረት ዘፈኖቹን ሁሉ በቡድኑ ስም አወጣ።

የእኛ ሕግም ዝም አላለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ግጥምና ዜማ የደራሲው ነው፤ አብረው የደረሱት የጋራ ባለመብቶች ናቸው። ድምፃዊውም ከበሮ መቺውም በከዋኝነታቸው የየራሳቸው መብት አላቸው። ድምፃዊው ስለዘፈነው ብቻ ዘፈኑን የግሉ አድርጎ ይዞት አይወጣም። የባንዱ ስም ደግሞ በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 የሚገዛ ሲሆን፣ መብቱ የሚገኘው በማስመዝገብ ነው።

ችግሩ ታዲያ የት ላይ ነው? የተጣሉ ሙዚቀኞች ምክር ሊጠይቁኝ ሲመጡ መጀመሪያ «ወረቀት አላችሁ?» እላለሁ። መልሱ አንድ ነው፤ «እኛ እኮ ወንድማማቾች ነን።» ወንድማማቾች በውርስ ፍርድ ቤት እንደሚቆሙ ይዘነጋሉ። ውል በሌለበት የሚጎዳው ስም ያተረፈው ድምፃዊ አይደለም። ጎጂው ዕጣ የሚወጣው ፊቱ በፖስተር ላይ ለማይታወቀው ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው።

ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስፈር፤ እያንዳንዱን ዘፈን ማን ደረሰው? የባንዱ ስም በማን ስም ይመዘገባል? የወጣ ሰው ከቀድሞው ሥራ ገቢ ምን ይደርሰዋል? ይህ አለመተማመን አይደለም። ሰው ተሰነባብቶም ሰላም እንዲባባል ማድረግ ነው።

ስንመለስ ደብረ ሲና ላይ ሁለት ሴቶች ከአንድ ቅርጫት ቆሎ በስኒ እየሰፈሩ ይሸጣሉ። «ማታ እንዴት ነው የምትካፈሉት?» አልኳቸው። አንዷ ቀና ሳትል፣ «ጠዋት ተነጋግረን ነዋ የምንወጣው» አለችኝ።