«አልተሳካም» መልስ አይደለም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ብሂሉ ለኮምፒውተርም ይሠራል ብለን እናምናለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤተ ሙከራችን የሙቀት ንባብ የሚመዘግብ ኮምፒውተር መረጃውን ወደ ሌላ ኮምፒውተር መላክ አቆመ። ፕሮግራሙ የሚነግረን «ግንኙነቱ አልተሳካም» ብቻ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ገመድ ስንነቅልና ስንሰካ ከረምን፤ የሁለቱ ቀናት ንባብም ባከነ። ኋላ እንደ ተረዳነው ገመዱ ደኅና ነበር፤ ተቀባዩም ኮምፒውተር በርቶ ነበር፤ ያልተነሣው መረጃውን የሚቀበለው ፕሮግራም ነበር።

የሚያስቆጨው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ይህን ማወቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከበርክሌይ ዩኒክስ ጋር በተሰራጨው ሥርዓት መሠረት፣ የግንኙነት ጥያቄ ሳይሳካ ሲቀር ምክንያቱን የሚገልጽ ቁጥር ለፕሮግራሙ ይሰጠዋል። በሊኑክስ 111 ማለት «ጥያቄው ደርሷል፤ ነገር ግን ተቀባይነት አላገኘም» ማለት ነው። 110 «በተወሰነው ጊዜ ውስጥ መልስ አልመጣም»፣ 113 ደግሞ «ወደዚያ ኮምፒውተር መድረስ አልተቻለም» ማለት ነው። ገመድ መፈተሽ የሚያስፈልገው 113 ሲመጣ ነው እንጂ 111 ሲመጣ አይደለም። ፕሮግራም ጸሐፊው ግን ሦስቱን ልዩ ልዩ ሕመሞች በአንድ ስም ጠራቸው።

«ቁጥር ተጠቃሚውን ያደናግራል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ቁጥሩም በዊንዶውስ ሌላ ነው፤ የ111 አቻ 10061 ነው። ስለዚህ ለተጠቃሚው ግልጽ ቃል ይነገረው፤ ቁጥሩ ግን ከነምክንያቱ በመዝገብ ፋይል ይቀመጥ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ትክክለኛነት ከሚታወቀው በላይ አለመናገርንም ይጨምራል። 110 «ኮምፒውተሩ ሞቷል» አይልም፤ ኬላ የሚጠብቅ ፋየርዎል ጥያቄውን በዝምታ ጥሎት ሊሆን ይችላል። በፊዚክስም «ዜሮ ለካን» እና «አልለካንም» አንድ አይደሉም፤ ሁለቱን ያምታታ ሠንጠረዥ ሁሉ ዋጋ ያጣል።

እንግዲህ ነገ ፕሮግራም የምትጽፉ ተማሪዎች ሆይ፣ ከሥር ያለው ሥርዓት የነገራችሁን ሳትውጡና ሳትጨምሩ አስተላልፉ። ስህተትን በስሙ መጥራት የመፍትሔው እኩሌታ ነው።