ያልገባችው ኳስ

ቅርጫት ኳስ የሚወድ ሰው አግኝታችሁ፣ «ደካማ ቡድን ተሸክሞ ለፍጻሜ ያደረሰ ተጫዋች ማን ነው?» ብትሉት፣ ብዙም ሳያስብ «ሌብሮን ጄምስ፣ 2007» ይላችኋል። ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም እንደዚያው። ቀጥሎ የሚያመጣውን ማስረጃም አውቃለሁ። ሜይ 31፣ የአሜሪካው ሊግ የምሥራቁ ምድብ ፍጻሜ አምስተኛ ጨዋታ፣ በዲትሮይት ሜዳ። ክሊቭላንድ ካቫሊየርስ በሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት 109 ለ107 አሸነፈ። የ22 ዓመቱ ሌብሮን 48 ነጥብ አስቆጠረ። ቡድኑ ካገባቸው የመጨረሻ 30 ነጥቦች 29ኙ የእሱ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ 25 ደግሞ አንዲትም ሳትቀር የእሱ። ዲትሮይት ፒስተንስ ከሦስት ዓመት በፊት ዋንጫ ያነሳ፣ በመከላከል የተመሰከረለት ቡድን ነበር። ያን ሌሊት ግን ተከላካዮቹ ተራ ገብተው የሚያሳልፉት ይመስሉ ነበር።

ጨዋታው ድንቅ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው ከእሱ ስለሚወጣው ትምህርት ነው። «ኮከብ ማለት ሌላው ሲያቅተው ሁሉንም ራሱ የሚሠራ ነው» ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ያልተጠበቀ ቡድን ለፍጻሜ በደረሰ ቁጥር ይኸው ሚዛን ይወጣል። ጋዜጣውም፣ ሬዲዮውም፣ ቡና ላይ የሚደረገው ክርክርም «ብቻውን ወሰዳቸው» ይላል። እኔ እንዲህ አላምንም። ኮከብ ያልተጠበቀን ቡድን ለፍጻሜ የሚያበቃው ተቃራኒዎቹን ሁሉ ወደራሱ ስቦ፣ ኳሷን ባዶ ቦታ ላይ ለቆመው ጓደኛው ሲያደርስ ነው። ምስክር አድርጌ የምጠራውም ያንኑ የ2007 ክሊቭላንድ ነው።

ከ48 ነጥቡ ጨዋታ አስር ቀን ወደኋላ እንሂድ። ሜይ 21፣ የዚያው ተከታታይ ግጥሚያ የመጀመሪያ ጨዋታ። ክሊቭላንድ 78 ለ76 እየተመራ ነው፤ የቀረው ጥቂት ሰከንድ ነው። ሌብሮን ኳሷን እያነጠረ ወደ ቅርጫቱ ገባ። የዲትሮይት ተከላካዮች ተሰበሰቡበት። ጥግ ላይ ዶንየል ማርሻል ብቻውን ቆሟል። ሌብሮን አቀበለው፤ ማርሻል ለሦስት ነጥብ ወረወረ፤ አልገባችም። ጨዋታው 79 ለ76 አለቀ።

በማግስቱ የወረደው ወቀሳ ከማርሻል ይልቅ ያረፈው በሌብሮን ላይ ነበር። ታላቅ ተጫዋች የመጨረሻዋን ኳስ ለሌላ አይሰጥም ተባለ። ማይክል ጆርዳን ቢሆን ራሱ ይወረውራት ነበር ተባለ። ያን ቀን 10 ነጥብ ብቻ ማስቆጠሩ ለወቃሾቹ ጥሩ ዱላ ሆነላቸው።

ማርሻል ግን እንዲሁ የተገኘ ሰው አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ጨዋታ፣ ኒው ጀርሲ ኔትስን ባሰናበቱበት ምሽት፣ ስድስት ጊዜ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ወርውሮ አግብቷል። ከበርካታ ተከላካዮች መሀል ዘሎ ከመወርወርና ለዚህ ሰው፣ ያለ ተከላካይ፣ ከጥግ ከመስጠት የቱ ይሻላል? መልሱ ግልጽ ይመስለኛል። የጆርዳንም ስም ያለቦታው ነው የተጠራው። በ1997 ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ፣ ቺካጎና ዩታህ 86 እኩል ሆነው ሰከንዶች ሲቀሩ፣ ሁለተኛ ተከላካይ ሲመጣበት ጆርዳን ኳሷን ለስቲቭ ከር ሰጠ። ከር አገባ፤ ቺካጎ 90 ለ86 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የጆርዳንና የሌብሮን ውሳኔ አንድ ዓይነት ነው። የተለየው የኳሷ ዕድል ብቻ ነው፤ ለአንደኛው «ብልህ»፣ ለሌላኛው «ፈሪ» የሚል ስም ያወጣለትም ይኸው ዕድል ነው።

ሁለተኛውም ጨዋታ በዚያው ውጤት፣ 79 ለ76 ሽንፈት ሆነ። ከዚያ ክሊቭላንድ አራት ጊዜ ተከታትሎ አሸነፈ። አምስተኛው የ48 ነጥቡ ነው። ቡድኑን ለፍጻሜ ያሳለፈው ግን ስድስተኛው ጨዋታ ነው፤ ስለዚህኛው የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው። ዲትሮይት ከአምስተኛው ጨዋታ ተምሮ ሌብሮንን በሰው ብዛት አፈነው። ሌብሮን 11 ጊዜ ወርውሮ ሦስት ብቻ አገባ። ብቻውን የሚሸከም ቢሆን ኖሮ ያኔ ጉልበቱ በታጠፈ ነበር። እሱ ግን 14 ጊዜ ስታ የተመለሰች ኳስ (ሪባውንድ) ሰበሰበ፤ ስምንት ጊዜም ለነጥብ ያበቃ ኳስ አቀበለ። እሱ ያስለቀቀውን ቦታ የተጠቀመበት ዳንኤል ጊብሰን ነው። ጊብሰን ባለፈው የተጫዋቾች ምርጫ 42ኛ ሆኖ የመጣ፣ ገና የመጀመሪያ ዓመቱን የሚጫወት ልጅ ነበር። 31 ነጥብ አስቆጠረ፤ 19ኙን በመጨረሻው ሩብ። አምስት ጊዜ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ወረወረ፤ አምስቱም ገቡ። ክሊቭላንድ 98 ለ82 አሸንፎ፣ በ1970 ከተመሠረተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰ።

በፍጻሜው የጠበቀው ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ነው፤ 4 ለ0 ጠረገው። ፊት ለፊት ብሩስ ቦወን ሌብሮንን ይዞታል፤ ቦወንን ሲያልፍ ቲም ደንከን ከቅርጫቱ ሥር ይጠብቀዋል። የሌብሮን የማግባት መጠን ወደ 35.6 በመቶ ወረደ። ኳስ ይዞ ተከላካይን ሊያስጨንቅ የሚችለው ሌላው ሰው ላሪ ሂዩዝ በእግሩ ጉዳት ከሁለት ጨዋታ በኋላ ወጣ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ክሊቭላንድ የተሸነፈው በድምሩ በአራት ነጥብ ልዩነት መሆኑ ሲታሰብ፣ ለድል የጎደለው ብዙ አልነበረም። የጎደለው ሌላ ኮከብ ነው ሊባል ይችላል። ለእኔ ግን ቢያንስ አንድ ሮበርት ሆሪ ነው የጎደለው።

ሆሪ ያን ጊዜ በስፐርስ ተቀያሪዎች ወንበር ላይ ነበር። በዚያ ድል የዋንጫ ቀለበቶቹ ቁጥር ሰባት ሞላ፤ ሁለቱን ከሂዩስተን፣ ሦስቱን ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ፣ ሁለቱን ከስፐርስ ጋር አገኘ። በዘመኑ ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ለኮከቦች ጨዋታ አልተመረጠም። ይህን ሰው ማን እንደሠራው ለማወቅ ወደ 1995 ሂዩስተን መመለስ ያስፈልጋል።

በ1994-95 ሂዩስተን ሮኬትስ ባለዋንጫ ሆኖ ወደ ውድድሩ ቢገባም እየተንገዳገደ ነበር የቀጠለው። በፌብሩዋሪ አጋማሽ ጉልበታሙን ኦቲስ ቶርፕን ለፖርትላንድ ሰጥቶ ክላይድ ድሬክስለርን አመጣ። ከልውውጡ በኋላ 17 አሸንፎ 18 ተሸነፈ። ኮከቡ ሀኪም ኦላጁዋን በደም ማነስ ምክንያት ከሜዳ የራቀበት ጊዜም ነበር። ቡድኑ 47 ድልና 35 ሽንፈት ይዞ፣ በምዕራቡ ምድብ ስድስተኛ ሆኖ ጨረሰ። በየትኛውም ዙር የሜዳ ብልጫ አልነበረውም። ሆኖም 60 ጨዋታ ያሸነፈውን ዩታህን፣ 59 ያሸነፈውን ፊኒክስን፣ 62 ያሸነፈውን ሳን አንቶኒዮን በተራ አስወጣ። በፍጻሜው ደግሞ 57 ያሸነፈውን የሻኪል ኦኒልን ኦርላንዶ 4 ለ0 ረታ። በሰው ሜዳ ብቻ ዘጠኝ ጊዜ አሸነፈ። ስድስተኛ ወጥቶ ዋንጫ ያነሳ ሌላ ቡድን እስከዛሬ የለም።

ሀኪም የሌጎስ ልጅ ነው። ከቅርጫት ኳስ በፊት እጅ ኳስ ይጫወት፣ በእግር ኳስም በረኛ ሆኖ ይቆም ነበር፤ ያ ሁሉ ዝላይና መታጠፍ እግሩ ላይ ቀረ። ከቅርጫቱ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ኳስ ሲቀበል፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ትከሻውን ሲያወዛውዝ፣ ተከላካዩ በየት እንደሚዞርበት አያውቅም። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመው የሳን አንቶኒዮው ዴቪድ ሮቢንሰን፣ ሽልማቱን በተቀበለበት በዚያው ምሽት በሀኪም 41 ነጥብ ተቆጠረበት። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ የረመዳን ወር ነበር። ሀኪም ቀኑን ሙሉ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ጾሞ እየተጫወተ የሊጉ የወሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

አሰልጣኙ ሩዲ ቶምጃኖቪች ከድሉ በኋላ የባለዋንጫን ልብ አትናቁ ብሎ ነበር፤ ንግግሩ እስከዛሬ ይጠቀሳል። ልብ መኖሩን አልክድም። ዋንጫውን ያመጣው ግን የቦታ አያያዝ ነው ባይ ነኝ። በዚያ ዘመን የሊጉ ሕግ የቀጣና መከላከልን ይከለክል ስለነበር፣ አንድ ተከላካይ በሁለት ሰው መሀል ተንጠልጥሎ መቆም አይችልም፤ ወይ የራሱን ሰው ይይዛል፣ ወይ ጨርሶ ወደ ሀኪም ይመጣል። በዚያው የውድድር ዘመን ደግሞ ሊጉ የሦስት ነጥቡን መስመር ከቅርጫቱ ፊት ለፊት ከ7.24 ሜትር ወደ 6.70 ሜትር ገደማ አቀረበው። ቶምጃኖቪች ቶርፕ በሄደበት ቦታ ረዥሙን ነገር ግን ከሩቅ ወርዋሪውን ሆሪን አቆመ። እንግዲህ ሀኪም መሀል፣ አራቱ ዙሪያውን። ሁለት ሰው ብትልክበት ከውጭ ትቀጣለህ፤ አንድ ሰው ብትተውለት ራሱ ይቀጣሃል።

የድሉን ቅደም ተከተል ካያችሁ የሌሎቹ ስም በየቦታው አለበት። ዩታህን ባስጨነቁበት አራተኛ ጨዋታ ሀኪም 40፣ ድሬክስለር 41 አስቆጠሩ። ፊኒክስን በሰባተኛው ጨዋታ 115 ለ114 ሲያሸንፉ፣ ሰባት ሰከንድ ገደማ ሲቀር ከጥግ ሦስት ነጥብ ያገባው ማሪዮ ኤሊ ነው። በሳን አንቶኒዮ የመጀመሪያውን ጨዋታ 94 ለ93 የዘጋው ሆሪ ነው። በፍጻሜው መክፈቻ ኦርላንዶን ወደ ጭማሪ ሰዓት የወሰደው ኬኒ ስሚዝ ነው፤ ያን ቀን ሰባት ባለ ሦስት ነጥብ አገባ። በሁለተኛው ጨዋታ ተቀያሪው ሳም ካሴል 31 አስቆጠረ። ሀኪም ራሱ በፍጻሜው በአማካይ 32.8 ነጥብ አስቆጥሯል። እኔ የምወደው ቁጥሩ ግን ሌላ ነው፦ በየጨዋታው በአማካይ 5.5 ለነጥብ ያበቁ ኳሶች። ከቅርጫት ሥር ለሚጫወት ረዥም ሰው ይህ ብዙ ነው።

ሆሪ ከዚያ አንድ ዓመት በፊት ለዲትሮይት ተሰጥቶ ነበር። በልውውጡ ሊመጣ የነበረው ሻን ኤሊየት በኩላሊቱ ምክንያት የጤና ምርመራውን ባለማለፉ ነው ሆሪ የተመለሰው። መወርወር ሲገባው የሚያመነታ ወጣት ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ደፋር የሚያደርገው ምክር አይመስለኝም፤ ጨዋታው በሚወሰንበት ሰዓት ኳስ ደጋግሞ እጁ ሲገባ፣ ቢስት እንኳ በሚቀጥለው ቀን ዳግም ሲሰጠው ነው። ሆሪ ከሂዩስተን ወዲያ በሌሎች ክለቦች ያገባቸው የመጨረሻ ሰዓት ኳሶች መሠረታቸው እዚያ ነው።

አንባቢ «ታዲያ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ልትለን ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ አይደለም። ያለ ሀኪም እነኤሊና ስሚዝ ባዶ ቦታ አያገኙም፤ ያለ ሌብሮንም ጊብሰንን የሚያውቀው አይኖርም ነበር። እዚህ ጨዋታ ውስጥ አንበሳው ከድሩ ጋር ነው የተሰለፈው። ያልተጠበቀ ቡድን ፍጻሜ የሚደርሰው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ኮከቡን ብቻ የሚያይ ዘገባ ግማሹን ታሪክ ይጥላል፤ ጉዳቱም ከታሪክ ያልፋል። «ራስህ ወርውር» እየተባለ የሚያድግ ልጅ፣ ተሰጥዖው ከፍ ባለ ቁጥር የጓደኞቹ እጅ ይቀዘቅዛል። አሰልጣኞችም፣ ስለ ስፖርት የምንጽፈውም በዚህ ተጠያቂዎች ነን፤ ቅብብልን የምናወድሰው ኳሷ ስትገባ ብቻ ነውና።

ሌብሮን ራሱ ወቀሳውን ሰምቶ አልተለወጠም። በ2010 ወደ ማያሚ ሄደ፤ በ2014 ተመለሰ። ጁን 19 ቀን 2016፣ ክሊቭላንድና 73 ጨዋታ ያሸነፈው ጎልደን ስቴት በሰባተኛው ጨዋታ 89 እኩል ሆነው አንድ ደቂቃ ያልሞላ ጊዜ ቀርቷቸው ነበር። የዘመኑ ታላቅ ተጫዋች ሜዳ ላይ እያለ ለሦስት ነጥብ የወረወረው ካይሪ ኢርቪንግ ነው። ገባ፤ ክሊቭላንድ 93 ለ89 አሸነፈ፤ ከተማይቱም በታላላቅ ስፖርቶች 52 ዓመት የጠበቀችውን ዋንጫ አገኘች። ያን ቀን ሌብሮን ለምን ራሱ አልወረወረም ያለ ተቺ አልሰማሁም። የ2007ቱ ወቃሾች መርህ ቢኖራቸው ኖሮ ያን ጊዜም በጮኹ ነበር። መርህ ብለው የያዙት ውጤትን ብቻ ነበር፤ የተጫዋች ውሳኔ ግን መመዘን ያለበት ኳሷ ከእጁ በወጣችበት ቅጽበት ነው።