ቤት ስንገዛ ትምህርት ቤቱንም እንደምንገዛ እንወቅ

አባቶቻችን በጎንደር መንደር ሲቆረቁሩ አስቀድመው የሚያዩት ወንዙን ነበር። የመንጻት ሕግ የሚፈጸመው በወራጅ ውኃ ስለ ነበረ፣ ውኃ የራቀው ቦታ ለቤተ እስራኤል መንደር አይሆንም ነበር።

ዛሬ የምንኖረው በባሕር ዳርቻ ነው። ይሁን እንጂ በናታንያ ገደል ላይ ሆነው ባሕሩን ቁልቁል የሚያዩት ፎቆች ዋጋቸው አይቀመስም። ብዙዎቻችን ያለነው ከባሕሩ ራቅ ባሉት አሮጌ ሕንጻዎች፣ በሔፍጺባና በመሳሰሉት ሰፈሮች ነው። ልጆቻችን ትዳር ይዘው ቤት ለመግዛት ሲነሡም ጥያቄው ይህ ነው፦ ከእናት ከአባት አጠገብ እንቅር ወይስ ወደ ክፋር ዮና፣ ወደ ቃዲማ ጾራን፣ ወደ ኤቨን ይሁዳ እንውጣ?

ወገኖቻችን፣ መልስ ከመስጠታችን በፊት ያለፈውን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ገባ። ብዙው በካራቫን ሰፈር ተቀመጠ። በ1993 መንግሥት ከካራቫን ለሚወጡ ቤተሰቦች ልዩ ማሽካንታ ፈቀደ፤ አብዛኛው ገንዘብ ስጦታ ነበር። በጎ ሥራ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ገንዘቡ የሚበቃው ርካሽ ቤት ባለበት ሰፈር ስለ ነበረ፣ ቤተሰቦቻችን በአንድ መንገድና በአንድ ሕንጻ ተሰበሰቡ። ከዘመድ አጠገብ መሆንንም እኛው ወደነዋል። ለቅሶ ሲደርስ፣ አራስ ስትጠየቅ ጥቅሙን አይተናልና ጥፋት አንለውም።

ያላስተዋልነው ሌላ ነው። በዚህ አገር ልጅ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመዘገበው አብዛኛውን ጊዜ በመኖሪያ አድራሻው ነው። ስለዚህ ቤቱን የገዛ ትምህርት ቤቱንም አብሮ ገዛ። ክፍሉን የሞሉት የእኛው ልጆች ብቻ ሲሆኑ፣ ቤታቸው አማርኛ የሚነገርባቸው ሕፃናት ዕብራይስጡን ከየትኛው ጓደኛ ይማሩታል?

እንዲህ ስንል ሁሉም ሰፈሩን ትቶ ይውጣ ማለታችን አይደለም። ክፋር ዮና የባቡር ጣቢያ የላትም። በሰንበት አውቶቡስ ስለማይሠራ፣ ሕጉን የሚጠብቅ ሰውም በሰንበት በመኪና ስለማይጓዝ፣ ሰንበትን ከእናቱ ጋር ሊያከብር የሚሻ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሶ እዚያው ማደር አለበት። በክፍሉ ብቻውን የሆነ ልጅም የራሱ ሸክም አለበት።

ምክራችን ይህ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን በእግራችሁ ሂዳችሁ እዩ፤ ከዚያ የወጡ ልጆች ባግሩት ይዘው እንደሆነ ጠይቁ። የምትወጡ ሁለትም ሦስትም ቤተሰብ ሆናችሁ ውጡ። የምትቀሩ ደግሞ በወላጆች ኮሚቴ ገብታችሁ ስለ ትምህርት ቤቱ ተከራከሩ።

አባቶቻችን ውኃውን ሳያዩ ጎጆ አልቀለሱም። እኛም ትምህርት ቤቱን ሳናይ አንፈርም።