ከማሽኑ በፊት ቆሻሻው ይለይ

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀጥፏል። አዲስ አበባ ከ1950ዎቹ ጀምሮ እዚያ ስትቆልል ከኖረችው ቆሻሻ አብዛኛው የአትክልት ልጣጭ፣ የምግብ ትራፊ፣ ቅጠልና ሣር ነው። ይህ አየር አጥቶ ሲቀበር ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያመነጫል፤ በወጉ ሲብላላ ግን ኮምፖስት የተባለ ማዳበሪያ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የፋብሪካ ማዳበሪያ ዋጋ ሲያሻቅብ፣ በ2015 ደግሞ አቅርቦቱ ሲጓደል የአርሶ አደሩን ምሬት ሰምተናል። ስለዚህ የከተማ አስተዳደሩ የኮምፖስት መገልበጫ ማሽኖችን ሥራ ላይ ሊያውል ይገባል ብለን እናምናለን።

ኮምፖስት ለገበሬያችን እንግዳ አይደለም፤ በጓሮው በአካፋ ሲያገላብጥ ኖሯል። የከተማን ቆሻሻ ግን አካፋ አይችለውም። ማሽኑ በረድፍ የተከመረውን እያነሳ ያቀላቅላል፣ አየር ያስገባል፣ የውጩን ወደ ውስጥ ይመልሳል። እርጥበቱ ከተጠበቀና የክምሩ ሙቀት ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለቀናት ከዘለቀ፣ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ተህዋስያንና የአረም ዘሮች ይሞታሉ።

ማሽኑ የማይሠራው ሥራም አለ፤ ቆሻሻ አይለይም። ከልጣጩ ጋር የገባ ፌስታል፣ ጠርሙስና ባትሪ ተፈጭቶ ማሳ ላይ ይበተናል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 መልሶ ጥቅም ላይ የሚውል ቆሻሻ ከቤት ጀምሮ እንዲለይ አዞ የነበረ ቢሆንም፣ ዛሬም ሁሉም በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ይወጣል። ማሽን ገዝቶ ይህን እንዳለ መተው ገንዘብ ማባከን ነው።

ጅማሬው ቆሻሻው ንጹህ ከሆነበት ቦታ ይሁን፤ ከኃይሌ ጋርመንት የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ፣ ከሆቴሎችና ከዩኒቨርሲቲ ምግብ ቤቶች። ለዚህ የተለየ መኪና ይመደብ። ቤት ለቤት የሚሰበስቡ ማኅበራትም ለይተው ላመጡት የተሻለ ክፍያ ያግኙ። እርጥቡ ቆሻሻ ከቀነሰ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያም ይጠቀማል፤ እርጥብ ነገር በደንብ አይነድምና።

ኮምፖስት ዩሪያን ይተካል አንልም። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ሲይዝ፣ በኮምፖስት ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ጥቅሙ ለአፈሩ ነው፤ የተሟጠጠ መሬት ውኃና ንጥረ ነገር የመያዝ አቅሙን እንዲመልስ ያግዛል፤ በገንዘብ የተገዛው ማዳበሪያም በከንቱ ታጥቦ እንዳይሄድ ያደርጋል። ክብደቱ ለረጅም ጉዞ ስለማይመች፣ ቀዳሚ ተጠቃሚዎቹ የከተማዋ መናፈሻዎች፣ የከተማ ግብርናና በዙሪያዋ ያሉ አርሶ አደሮች ቢሆኑ ይመረጣል።

አስተዳደሩ ግዢ ከመፈጸሙ በፊት ሦስት ነገሮችን ለሕዝብ ያሳውቅ፦ የተለየው ቆሻሻ ከየት እንደሚመጣ፣ የምርቱን ጥራት የትኛው ላቦራቶሪ እንደሚመረምር፣ ለመለዋወጫና ለነዳጅ በየዓመቱ ምን ያህል በጀት እንደሚያዝ። እነዚህ መልስ ካገኙ ማሽኑ ነገ ቢገዛ እንደግፋለን። ካላገኙ ግን ግዢው ይቆይ፤ መለየቱ ይቅደም።