የወታደሩ መነጽር

ሐራ ካለው የትምህርት ጣቢያችን አንድ አባት ጥያቄ አቅርበውልናል። በወጣትነታቸው በሠራዊት ውስጥ ያገለገሉ ሰው ናቸው። ትምህርት አልቆ ሰሌዳውን ስናጠፋ ቀረብ አሉና፣ «ልጆቼ፣ የፈረንጅ ወታደር ዓይኑ ሲደክምበት በብርሃን ይጠግኑለታል፤ መነጽሩንም ይጥላል ሲሉ በራዲዮ ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ወሬ? እውነት ከሆነስ የኔን ዓይን አያድነውም ወይ?» አሉን። እኒህ አባት ከአፋር በኩል የሚመጣውን ግመል ከሩቅ ይቆጥራሉ። ይህችን ወረቀት ሲይዙ ግን ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይርመሰመስባቸዋል።

ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን የፈረንጁ ወታደር ችግርና የኒህ አባት ችግር አንድ አይደለም። ይኸን ለመረዳት ከዓይን አሠራር እንጀምር።

በዓይናችን ፊት እንደ ሰዓት መስታወት ጥርት ያለ ሽፋን አለ። ሐኪሞች ኮርኒያ ይሉታል። መካከሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በዚህ ይገባል፤ ከውስጥ ባለው ሌንስ ያልፋል፤ ከዓይን በስተኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ አጥርተን እናያለን። የአንዳንድ ሰው ዓይን ግን ረዘም ያለ ነው፤ ወይም ኮርኒያው ከልክ በላይ ጎብጧል። ብርሃኑ ግድግዳው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይሰበሰባል። እንዲህ ያለ ሰው መጽሐፍ ያነባል፤ ከሩቅ የሚመጣውን ሰው ግን ማን እንደሆነ አይለይም። መድኃኒቱ መነጽር ነው።

ለወታደር ግን መነጽር ሸክም ነው። አቧራ ይለብሳል፤ በላብ ይደበዝዛል፤ ሲሮጡ ይወድቃል። ከመርዝ ጋዝ የሚከላከለውን ጭምብል ለማጥለቅም አይመችም። መነጽሩ የተሰበረበት ወታደር ወዳጅና ጠላት መለየት ያቅተዋል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሳንዲያጎ በሚገኘው ሆስፒታሉ በ1993 እ.ኤ.አ. በወታደሮቹ ላይ የጨረር ሕክምናን ማጥናት ጀመረ። የምድር ጦሩም ኋላ ተከተለ።

ጨረሩ ሌዘር ይባላል። (ሌዘር ስንል ጃኬት የሚሰፋበት ቆዳ እንዳይመስላችሁ። ስማቸው ገጠመ እንጂ ዘመድ አይደሉም።) መነሻው የሚገርም ነው። ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሳን የሚባል የሕንድ ተወላጅ ሳይንቲስት አሜሪካን አገር አይ ቢ ኤም በሚባል ኩባንያ ይሠራ ነበር። ኅዳር 1974 ዓ.ም. ከበዓል ማዕድ የተረፈ ተርኪ፣ ማለትም ትልቅ የፈረንጅ ዶሮ፣ ወደ ሥራ ቦታው ይዞ ሄደ። ጨረሩን ቢያሳርፍበት በንጽሕና ቆረጠው፤ ዙሪያውንም አላቃጠለውም። ከዶሮ አጥንት ተነሥቶ ነገሩ ወደ ሰው ዓይን ደረሰ። ጨረሩ አንድ ጊዜ ብልጭ ሲል ከኮርኒያው የሚያነሣው እጅግ ጥቂት ነው። አንዲት ሚሊ ሜትር ለ4000 ብትከፈል አንዷ እጅ ናት። አናጢ እንጨት እንደሚልግ፣ ሐኪሙ በኮምፒውተር እየተመራ የጎበጠውን ያስተካክላል።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የኮርኒያውን የላይ ስስ ቆዳ ገፍፎ ከሥሩ መላግ ነው። ቆዳው በጥቂት ቀናት ይተካል፤ ጥቂት ቀን ያማል፤ እይታው እስኪረጋም ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ሁለተኛው ኮርኒያውን እንደ መጽሐፍ ገጽ ሰንጥቆ መግለጥ፣ ከሥሩ ልጎ መልሶ መክደን ነው። ይኸኛው ቶሎ ይድናል። ዳሩ ግን ዓይን ከባድ ምት ቢያገኘው ክዳኑ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ለወታደር መጀመሪያ የተመረጠው ያ የሚያምመው የሆነው ስለዚህ ነው። በሁለቱም ዓይን ሊደርቅ፣ ማታም በመብራት ዙሪያ ክብ ጸዳል ሊታይ ይችላል። ኮርኒያው ስስ የሆነ፣ ወይም እይታው ገና ያልረጋ ወጣት አይታከምም።

አሁን ወደ አባታችን እንመለስ። ርሳቸው ሩቁን ያያሉ፤ የቅርቡ ነው የጠፋቸው። ከ40 ዓመት በኋላ ከዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ እየደረቀ ይሄዳል፤ ቅርብ ለማየት እንደ ልጅነቱ አይታዘዝም። ይህ በሁሉም ሰው ላይ የሚመጣ ነው። ጨረሩ የሚልገው የፊቱን መስታወት ስለሆነ የውስጡን ሌንስ መልሶ አያለሰልሰውም። በ25 ዓመቱ በሌዘር የታከመው ያ ወታደርም 45 ሲሞላው መጽሐፉን ክንዱን ዘርግቶ መያዙ አይቀርም። የሚረዳውም ተራ የማንበቢያ መነጽር ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። አንዲት እናት ከትምህርት ቀሩብን። እኛም በመዝገቡ ላይ «ሰነፉ» ብለን ጻፍን። ቤታቸው ሄደን ብንጠይቅ፣ «የኔ ጭንቅላት እንደሁ ፊደል አይቀበልም፤ ተዉኝ እናንተ ልጆች» አሉን። አጠገባቸው ትንሿ ልጃቸው መርፌ ላይ ክር ታስገባላቸው ነበር። ነገሩ የገባን ያን ጊዜ ነው። መርፌውን በልጅ ዓይን የሚያሰኩ ሰው፣ እኛ በማታ በደብዛዛ መብራት የጻፍነውን ደቃቅ ፊደል በምን ዓይናቸው ይዩት? እንግዲህ እናንተም ይህን ወረቀት በቀን ብርሃን ያዙት። ክንዳችሁን እየዘረጋችሁ አርቁት። ሲርቅ ፊደሉ ከጠራላችሁ ጭንቅላታችሁ ደኅና ነው።

ሲርቅም ሲቀርብም ካልጠራ ግን ሌላ ነገር ስላለ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በአማራ ክልል ትራኮማ ብዙ ሰው አሳውሯል። የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱ ኮርኒያውን ይፍቃል፤ ጠባሳ ይተዋል። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ፋታ ይሰጣል እንጂ ተመልሶ ይበቅላል። ይህን የሚያቃናው ሌዘር አይደለም። የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ የሚሠራው ትንሽ የቆብ ቀዶ ሕክምና ነው። ብሌኑ ነጭ የሆነበት ሰው ደግሞ ሞራ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ እሱም በቀዶ ሕክምና ይድናል።

ይህን ሁሉ ለአባታችን ነገርናቸው። «እንግዲያ ያ ወታደርም ዞሮ ዞሮ እኔው ጋ ይመጣል በሉኛ!» ብለው ሳቁ። ለልካቸው የሚሆነው በሐኪም እስኪለካ ድረስ ከጎረቤታቸው መነጽር ተውሰው ያለፈውን ሳምንት ወረቀት ገለጡ። በጣታቸው እየተከተሉ አንድ መስመር አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው አዩን።

«ልጆቼ፣ ሐራ በሐመሩ ሐ ነው ብላችሁ አስተምራችሁን የለም ወይ? እዚህ በሃሌታው ነው የጻፋችሁት» አሉን።

አየነው። እውነታቸውን ነበር።