«አረፈች» ስንል ልጆቹ ምን ይሰማሉ?

እኛ ቤት ለቅሶ ሲመጣ ለሕፃናት የሚነገረው ያው ነው፦ «ሄዳለች»፣ «ተኝታለች»፣ ካልሆነም «ታብሌቱን ይዛችሁ ወደ ላይ ውጡ»። ይሄ አይበቃም ባይ ነኝ።

መርዶን አልነቅፍም። ሰው የእናቱን ሞት ብቻውን ሆኖ በስልክ እንዳይሰማ ብለን ነው እዚህ ጋርላንድም፣ ፕሌኖም በማለዳ ተሰባስበን በር የምናንኳኳው። ቢቀርብን እኔም ይከፋኛል። ጥንቃቄው ግን ለአዋቂ ብቻ ነው። የአምስት ዓመቷ ልጅ ቤቱ በሰው ሲሞላ፣ እናቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ስትቀመጥ ታያለች። የሚነግራት የለም። በየእሑዱ በቪዲዮ «የኔ ቆንጆ፣ በላሽ?» የምትላት አያቷ ግን መደወል አቁማለች።

በሕፃናት ነርሲንግ እንደምንማረው ትንንሽ ልጆች የሞተ ሰው የሚመለስ ይመስላቸዋል፤ «ተኝታለች» የተባለ ልጅ ደግሞ እንቅልፍ ሊፈራ ይችላል። «ሄዳለች» እኛ ዘንድ የባሰ ነው፤ አገር ቤት የሄደ ሁሉ በርበሬና ሽሮ ይዞ ይመለሳላ! «አረፈች» የሚለውማ ግማሽ አማርኛ ለሚሰማ ልጅ ሶፋ ላይ ጋደም ማለት ነው።

ቶሚ ዴፓዎላ በ1973 ባሳተመው «ናና አፕስቴርስ ኤንድ ናና ዳውንስቴርስ» የአራት ዓመቱ ቶሚና የ94 ዓመት ቅድመ አያቱ ጓደኛሞች ናቸው። እንዳትወድቅ ወንበሯ ላይ ስትታሰር እሱም እሰሩኝ ይላል፤ አብረው ከረሜላ ይበላሉ። (ማሰሩን እንደ ነርስ አልደግፍም!) ስትሞት እናቱ መሞቷን በግልጽ ትነግረዋለች።

ወደ እኛ ሲመጣ፣ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ «ሲሊ ማሞ»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል። የጄን ከርትዝ «ፋርአዌይ ሆም» (2000) ደግሞ አያቷ ታማ አባቷ ወደ ኢትዮጵያ ሊሄድባት የሆነ፣ አሜሪካ የምትኖር ልጅ ታሪክ ነው፤ የብዙዎቻችን ቤት ታሪክ። እኔ የምፈልገው ከዚያ የሚቀጥለውን ገጽ ነው።

«ልጅ ልቧ ይሰበራል» የሚሉኝ ትልልቆች አሉ። ልጅቷ ግን ፎቅ ላይ ሆና የታችኛውን ልቅሶ እየሰማች ነው። ልቧ እንዳይሰበር ነው ወይስ ስትጠይቀን መልስ ስለሌለን?

መጽሐፉ በሁለቱም ቋንቋ ይሁን። ልጅ ልታሳድግ ዳላስ የመጣች አያት ትኑርበት፣ «እማማ» የሚላት የጎረቤት ልጅም፤ የሥጋ ዘመድ መሆን የለበትም። እሷ ፊደል ታስቆጥረው፣ እሱ ስልኳን ያስተካክልላት። ስትሞት «እማማ ሞተች» ይባል። ልጁም ከትልልቆቹ ጋር ለቅሶ ቤት ይቀመጥ፣ ንፍሮም ይብላ።

ሥዕል የሚችል ካላችሁ ጻፉልኝ። ጽሑፉን ጀምሬያለሁ።